የ12 ሰው የኖሪታኬ ሰሃን አለኝ፤ ስንት ብዬ ልሽጠው?

ማሂ_ሲልቨርስፕሪንግ

ሰላም ለሁላችሁ። ምክር ፈልጌ ነው፤ ትንሽ ስለሚረዝም ታገሱኝ።

እዚህ ሜሪላንድ የቤት ውስጥ ተንከባካቢ ሆኜ እሠራለሁ። አራት ዓመት ሙሉ ያየኋቸው አንዲት እናት ባለፈው ጥር አረፉ። ልጃቸው ቤቱን ሲያጸዱ ጠራችኝና «እናቴ ይሄ ለማሂ ይሁን ብላለች» ብላ የሰሃን ቡፌውን ከፈተችልኝ። ውስጡ ያለውን አንድ በአንድ አውቀዋለሁ። በየዓመቱ ለታንክስጊቪንግ አውጥቼ በእጄ የማጥበው እኔ ነበርኩ። ባለቤታቸው ወታደር ሆነው ጃፓን ሳሉ ነው የገዙት ይሉኝ ነበር።

ነጭ ነው፣ ስስ ግራጫ ቅጠል አለው፣ ጠርዙ ፕላቲነም ነው። ጀርባው ላይ ኖሪታኬ፣ ጃፓን ይላል፤ በቅጠል አክሊል መሃል ኤን የሚል ፊደል አለ፤ ከስሩ አራት አኃዝ ያለው ቁጥር። ቆጥሬዋለሁ። ትልቁ ሰሃን 12፣ መካከለኛው 12፣ ትንሹ 11 (አንዱ የለም)፣ የሾርባው 12፣ ሲኒ 12፣ የሲኒ ማስቀመጫ 12። ሁለት ሞላላ ዝርግ ሰሃን፣ ክዳን ያለው ጎድጓዳ አንድ፣ የስጎ ማቅረቢያ አንድ፣ የስኳርና የወተት ዕቃ። በድምሩ 77።

ኢንተርኔት ላይ ትልቁ ሰሃን ብቻውን 28 ዶላር ሲሸጥ አየሁ። ሁሉንም ደምሬ ከ1,500 ዶላር በላይ መጣልኝ። ትናንት ግን አንድ ነጋዴ መጥቶ አየውና «ለሁሉም 80 እሰጥሻለሁ» አለኝ። ልቤ ተሰበረ። የቱ ነው እውነተኛው ዋጋ? የትስ ልሽጠው? የቤት ኪራይ እየተጫነኝ ነው፤ ግን ደግሞ ሴትዮዋ የሰጡኝን ነገር በርካሽ መጣል አልፈልግም።

የድሮ_ዕቃ_አትላንታ

ልጄ፣ በመጀመሪያ ለሴትዮዋ ነፍስ ይማር። አራት ዓመት ያገለገልሽውን ባይረሱ ነው ይሄን የተዉልሽ።

እኔ እስቴት ሴል (ሰው ሲያርፍ ወይ ቤት ሲለቅ የቤቱ ዕቃ የሚሸጥበት) ላይ ስገዛና ስሸጥ 18 ዓመቴ ነው። ሁለቱም ዋጋ እውነት ነው፤ የተለያየ ነገር ዋጋ ስለሆነ ነው ያልተገናኘልሽ።

28 ዶላር የሚከፍለው ማነው? ቤቱ 12 ሰሃን ኖሮት አንዱ የተሰበረበት ሰው ነው። ያችኑ አምሳያ ይፈልጋል፤ ሌላ አይሆንለትም፤ ስለዚህ ይከፍላል። ሰሜን ካሮላይና፣ ግሪንስቦሮ ያለው ሪፕሌስመንትስ የሚባል ድርጅት ከ1981 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሥራው ይሄው ነው፤ የጎደለን ሰሃን አምሳያ መሸጥ። መጋዘኑ፣ ሠራተኛው፣ ሰሃኗ ገዢ እስኪመጣላት መደርደሪያ ላይ የምትቀመጥበት ዓመት ሁሉ እዚያ 28 ውስጥ አለ። ሙሉውን ዕቃ የሚገዛሽ ሰው ግን ምንም አልጎደለበትም። ገና ሊጀምር ነው። ሌላ መቶ ዓይነት ማማረጥ ይችላል። ለዚህ ነው 28ን በ12 ማባዛት የማይሠራው።

ዋጋው የወደቀበት ምክንያትም ግልጽ ነው። በ1950ዎቹና በ60ዎቹ ጃፓን የነበሩ ብዙ የአሜሪካ ወታደሮች ኖሪታኬ ይዘው ነው የተመለሱት። እዚህም ለሙሽራ የሚሰጥ ዕቃ ነበር። ያ ትውልድ አሁን ትልቁን ቤት እየለቀቀ ነው፣ ወይም እያለፈ ነው። ዕቃው ሁሉ ባንድ ጊዜ ወደ ገበያ ወጣ። ልጆቹ ደግሞ ማጠቢያ ማሽን የማይገባ፣ ጠርዙ ማይክሮዌቭ ውስጥ የሚፈነጥቅ ሰሃን አይፈልጉም። ሻጭ በዛ፣ ገዢ ቀነሰ።

ስለ ማህተሙ ልንገርሽ። የኖሪታኬ ፋብሪካ በ1904 ጃፓን፣ ናጎያ ነው የተቋቋመው። የመጀመሪያውን ሙሉ የእራት ዕቃ ያወጡት በ1914 ነው። ድሮ አክሊሉ መሃል ኤም ነበር፤ የመሥራቾቹ የሞሪሙራ ቤተሰብ ፊደል ነው። በ1953 ወደ ኤን ተቀየረ። ስለዚህ ያንቺው ከ1953 ወዲህ ነው። ሰብሳቢዎች ብዙ የሚከፍሉት ከዚያ በፊት ላለው ነው። በተለይ ከስሩ «ኒፖን» (ጃፓን ማለት ነው) ለሚለው፤ እሱ ከ1891 እስከ 1921 ድረስ ወደ አሜሪካ የገባ ዕቃ ላይ ነው ያለው። «ኦኩፓይድ ጃፓን» (የተያዘች ጃፓን) የሚልም አለ፤ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ እስከ 1952። ያንቺው ከነዚህ አይደለም። ጥሩ ዕቃ ነው፣ ብርቅ ግን አይደለም።

አሁን የምትሠሪው ይሄን ነው። ኢቤይ (ሰው ዕቃውን የሚሸጥበት ድረ ገጽ) ላይ ገብተሽ ያንን አራት አኃዝ ቁጥር ከኖሪታኬ ጋር ፈልጊ። ከዚያ «ሶልድ» የሚለውን ማጣሪያ ንኪ። የተሸጡት ብቻ ይወጡልሻል። ስድስት ወር ተለጥፎ የቆየ 300 ዶላር ማንም አልከፈለውም፤ አትይው። የመጨረሻዎቹን አስር ሽያጮች ጻፊና ተመለሽ።

80ውን እንዳትቀበዪ።

ቤቲ_አሌክሳንድሪያ

ጋሼ ያሉት ትክክል ነው። እኔ ግን አንድ ነገር ልጨምር፤ ሁሉንም በአንድ ላይ አትሽጪው።

ብርቅ የሆነው ሰሃኑ አይደለም። ሰሃን እያንዳንዱ ቤት 12 ነበረው። ክዳን ያለው ጎድጓዳና የስጎ ማቅረቢያ ግን ለአንድ ቤት አንድ ብቻ ነው የተገዛው። እሱም በየበዓሉ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፤ ክዳኑ ይወድቃል፣ ጆሮው ይሰበራል። ስለዚህ ሰው የሚያስሰው እነሱን ነው። እነሱን ለይተሽ ኢቤይ ላይ አውጪ። ሰሃኑን እዚያው አካባቢሽ ሽጪ።

ሒሳቡን በቁጥር ላሳይሽ። ባለፈው አንድ የስጎ ማቅረቢያ በ32 ሸጥኩ፣ ገዢው 14 የመላኪያ ከፈለ። ኢቤይ ከ13 በመቶ በላይ ነው የሚቆርጠው፤ የሚቆርጠውም ከመላኪያውና ከታክሱ ጭምር ነው። ይሄን ብዙ ሰው አያውቅም። ወደ 7 ዶላር ሄደ። ካርቶንና መጠቅለያ 3 ዶላር። እጄ የገባው 22 ነው። ለአንድ ሰዓት ሥራ ይሄ ጥሩ ነው። ትንሿን የዳቦ ሰሃን በ10 ብትሸጪ ግን ከ4 ዶላር ያነሰ ነው የሚቀርሽ። ለዚያ ፖስታ ቤት አይኬድም።

ሳራ_ቦሌ

እኔ ደግሞ ባትሸጪው እላለሁ።

እናቴ ቡፌ ውስጥ የእንግዳ ሰሃን ነበራት። እኛ ልጆች መንካት አንችልም። ለፋሲካና ለገና፣ ወይ ሽማግሌ ሲመጣ ብቻ ነው የሚወጣው። ያን ጊዜ ልዋጭ እያለች በየሰፈሩ የምትዞር ሴት ነበረች፤ ያረጀ ልብስ ወስዳ ብርጭቆና ሲኒ ትሰጣለች። የየዕለቱ ዕቃችን ሁሉ ከልዋጭ ነው። የቡፌውን ግን እናቴ ከደሞዟ አጠራቅማ ነበር የገዛችው። እሷ ስታርፍ ለአራት እህትማማች ተከፋፈልነው። ሦስት ሰሃን ደረሰኝ። አሁን በሦስቱ ሰሃን ነው ልጆቼ የሚበሉት። በየቀኑ።

«ሲኒ» የሚለው ቃላችን ራሱ ከዐረብኛ የመጣ ነው፤ የቻይና ማለት ነው። ይሄ ዕቃ ከሩቅ መጥቶ ቤታችን የገባው ከብዙ ዘመን በፊት ነው። ማሂዬ፣ ቢያንስ ሲኒዎቹን ለቡና አስቀሪያቸው።

የዲሲ_ልጅ

ሳራ፣ ስሜቱ ይገባኛል፣ ግን ልጅቷ ኪራይ አለባት። 77 ሸክላ አንድ መኝታ ቤት ውስጥ የት ይቀመጣል?

ነርስ_ዳላስ

ማሂ፣ ስለ ዋጋው እነሱ ይንገሩሽ። እኔ ሌላ ነገር ነው የማነሳው። የምትሠሪው በኤጀንሲ በኩል ነው? ብዙ ኤጀንሲ ሠራተኛው ከታካሚ ስጦታ እንዳይቀበል ይከለክላል። ሴትዮዋ ካረፉ በኋላ ልጅቷ የሰጠችሽ ቢሆንም ደንቡን አንብቢ፤ ሱፐርቫይዘርሽን ጠይቂ። ከልጅቷም አጭር ጽሑፍ ተቀበዪ። «የእናቴን የገበታ ዕቃ ለእገሊት ሰጥቻለሁ» የሚል፣ ቀንና ፊርማ ያለበት። ኢሜይልም ይበቃል። ነገ ሌላ ወንድም ወይ ዘመድ ተነስቶ «የእናታችን ሰሃን የት ገባ?» ቢል ያ ወረቀት ያድንሻል። አንዲት ጓደኛዬ ለአንድ የብር ማንኪያ ስትጠየቅ አይቻለሁ፤ ያለ ጥፋቷ ሥራዋን ለቀቀች። ከመሸጥሽ በፊት ይሄን አድርጊ።

ማሂ_ሲልቨርስፕሪንግ

ነርስዬ፣ እግዚአብሔር ይስጥሽ። ይሄን አላሰብኩትም ነበር። ዛሬውኑ ደወልኩላት፤ ኢሜይል ላከችልኝ፣ ወንድሟንም ጨምራ። ኤጀንሲውንም አሳወቅኩ፤ ችግር የለም አሉኝ።

ጋሼ፣ ያሉኝን አደረግኩ። የተሸጡትን አየሁ። ሙሉ ስብስብ የተሸጠው ከ120 እስከ 230 ነው፤ የ8 ሰውም የ12 ሰውም አለ። የስጎው ከ25 እስከ 35፣ ክዳን ያለው ከ40 እስከ 55። ትልልቆቹ ሰሃኖች በአራት በአራት ሆነው 35 ገደማ። 28 ዶላር ለአንድ ሰሃን የከፈለ አንድም ሰው አላገኘሁም።

መጀመሪያ አዘንኩ። አሁን ግን ቢያንስ የቆምኩበትን አወቅኩ።

የድሮ_ዕቃ_አትላንታ

ጎበዝ። አሁን ዕቃውን እይው። ዋጋ የሚወስነው ይሄ ነው።

ቀን ላይ መስኮት ስር ተቀመጪ፤ የአምፖል ብርሃን ይደብቃል። እያንዳንዱን ሰሃን ዘንበል አድርገሽ ቀስ ብለሽ አዙሪው። ብርሃኑ ፊቱ ላይ ሲንሸራተት የቢላዋ ጭረት ካለ እንደ ቀጭን ፀጉር ይታይሻል። ከዚያ ዓይንሽን ጨፍነሽ ጠርዙን በአውራ ጣትሽ ዙሪያውን ሂጂበት። ዓይን ያላየውን ሽራፊ ጣት ያገኘዋል። ቀጥሎ በሦስት ጣት ከስሩ ደግፈሽ ጠርዙን በጥፍርሽ ምቺው። ደህናው ጥርት ብሎ ይጮሃል፣ ድምፁም ይቆያል። የተሰነጠቀው ድፍን ያለ ድምፅ ሰጥቶ ዝም ይላል። ስንጥቁ ባይታይም አለ ማለት ነው። እሱን ለይተሽ አስቀምጪ፤ ከደህናው ጋር ቀላቅለሽ እንዳትሸጪ። ገዢ አንዴ ካታለልሽው አይመለስም፣ ለሌላም ይናገራል።

ፕላቲነሙ የለቀቀ ቦታ ካለ ፎቶ አንሺው። መስታወቱ (የሰሃኑ አንጸባራቂ ሽፋን) ላይ የሸረሪት ድር የመሰለ ስንጥቅጥቅ ካለም እንዲሁ።

ደስ የሚልሽ አንድ ነገር ደግሞ አለ። ሰሃኑን ወደ መስኮቱ አንስተሽ ከኋላው እጅሽን አድርጊ። እውነተኛ ፖርስሌን (ብርሃን የሚያሳልፍ ነጭ ሸክላ) ከሆነ የጣቶችሽ ጥላ ይታያል። ለገዢም እንደዚያ አድርገሽ አሳዪ።

ፍራንክፈርት_ነኝ

ጋሼ፣ መሃል ገባሁ ይቅርታ። እዚህ የእሁድ ገበያ ላይ ጀርባው ላይ ሁለት የተጣመሩ ሰማያዊ ሰይፎች ያሉት ሲኒ በ15 ዩሮ ገዛሁ። የማይሰን ነው ብለውኛል። ሀብታም ሆንኩ እንዴ?

የድሮ_ዕቃ_አትላንታ

ወንድሜ፣ ማይሰን በ1710 የተመሠረተ የጀርመን ፋብሪካ ነው፤ በአውሮፓ እውነተኛውን ጠንካራ ፖርስሌን በመሥራት የመጀመሪያው። ስሙ ትልቅ ስለሆነ ሰይፎቹን የሚመስል ምልክት ያደረገ ፋብሪካ ብዙ ነው። በአጉሊ መነጽር እየው። የማይሰን ሰይፍ በብሩሽ በእጅ የተሣለና ከመስታወቱ ስር ያለ ነው፤ በጥፍርህ ብትነካው አይሰማህም። ከላይ የተለጠፈ ከመሰለ ተጠራጠር። በሰይፎቹ ላይ የተጫረ መስመር ካለ ደግሞ ፋብሪካው ራሱ እንከን አለው ብሎ ያወጣው ነው። ከመሸጥህ በፊት ለጨረታ ቤት አሳይ፤ እዚያ አገር የሚያውቅ ሰው አይጠፋም።

ሄለን_ሲያትል

ይሄን የድሮ ዕቃ ለምግብ መጠቀም አደጋ የለውም? ሊድ (እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት) አለበት ሲባል ሰምቻለሁ። ሳራ ልጆቿን ትመግብበታለች፣ ስለዚህ ነው የጠየቅኩት።

ነርስ_ዳላስ

ጥሩ ጥያቄ ነው። ድሮ በመስታወቱና በቀለሙ ውስጥ ሊድ ይገባ ነበር። አሜሪካ ውስጥ ኤፍዲኤ (የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት) ገደብ ማስከበር የጀመረው በ1970ዎቹ ነው። ስለዚህ ከዚያ በፊት የተሠራን ዕቃ በየቀኑ አለመጠቀም ይሻላል፤ በተለይ ለሕፃናትና ለነፍሰ ጡር። የተሰነጣጠቀ፣ የተሸረፈ ወይም ሥዕሉ ምግብ የሚነካው ቦታ ላይ ሆኖ የደበዘዘ ከሆነ ጭራሽ ምግብ አይቀመጥበትም። ሎሚ፣ ኮምጣጤ፣ ቲማቲም ያለው ነገር ሊዱን ያወጣዋል። አዳር ማስቀመጥ ክልክል። ከሱቅ የሚገዛው መመርመሪያ ሁሌ አያስተማምንም፤ ላብራቶሪ ነው እርግጡን የሚነግርሽ። ሳራዬ፣ የእናትሽን ሦስት ሰሃን ግድግዳ ላይ ብትሰቅያቸውስ? በየቀኑም ታያቸዋለሽ።

ሳራ_ቦሌ

አላወቅኩም ነበር። ዛሬ ማታ አነሳቸዋለሁ። አመሰግናለሁ፣ ከልቤ ነው።

ቤቲ_አሌክሳንድሪያ

ማሂ፣ ስለ አስተሻሸግ የምጽፍልሽን አንብበሽ ጨርሺ። መጀመሪያ የላክሁት በራድ ክዳኑ ላዩ ላይ እንዳለ ነበር የጠቀለልኩት። አፉ ተሰብሮ ደረሰ። 55 ዶላር መለስኩ፣ አንድ ቆንጆ ዕቃም ከዓለም ጠፋ። እስከዛሬ ይቆጨኛል።

ክዳን ሁልጊዜ ለብቻው ይጠቀለላል። የጎድጓዳውን ውስጥ በወረቀት ሙይው፤ ባዶ ከሆነ ከውጭ ሲገፋ ይሰነጠቃል። ጆሮና አፍ ላይ መጀመሪያ ለስላሳ ወረቀት አዙሪ፣ ከዚያ ባለ አረፋውን ፕላስቲክ። ጋዜጣ ዕቃውን አያስነኪ፣ ቀለሙ ይለቃል። ከዚያ ትንሽ ካርቶን ውስጥ፣ እሱን ደግሞ ትልቅ ካርቶን ውስጥ። በሁለቱ መሃል በስድስቱም ጎን ቢያንስ 5 ሳንቲሜትር መሙያ ይኑር። ሰሃን የምትልኪ ከሆነ በጭራሽ አታስተኚው፤ መደርደሪያ ላይ እንዳለ መጽሐፍ በጠርዙ ይቁም። ሲወድቅ ጠርዙ ነው ጉልበቱን የሚችለው።

ስትጨርሺ አንስተሽ ነቅንቂው። ትንሽም ድምፅ ከሰማሽ ፍቺና እንደገና ጀምሪ።

አካባቢሽ ስትሸጪ ደግሞ «ቼክ እልክልሻለሁ፣ ትርፉን ለዕቃ ጫኙ መልሺ» የሚል ሰው ይመጣል። ሌባ ነው። «ስልክሽ ላይ የደረሰውን ኮድ ንገሪኝ» የሚልም ይመጣል። እሱም ሌባ ነው። ካሽ፣ ፊት ለፊት፣ ሰው ያለበት ቦታ።

የዲሲ_ልጅ

እስቴት ሴል ለሚያዘጋጁ ድርጅቶች ብትሰጠውስ?

የድሮ_ዕቃ_አትላንታ

ለአንድ የሰሃን ስብስብ አይመጡም። ቤት ሙሉ ዕቃ ሲሆን ነው የሚመጡት፤ ከሽያጩም ሲሶውን፣ አንዳንዴ ግማሹን ይወስዳሉ። ይሄ ራሷ የምትችለው ሥራ ነው።

ማሂ_ሲልቨርስፕሪንግ

ሰላም፣ ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመለስኩ። የሆነውን ልንገራችሁ።

ሁሉንም መስኮት ስር አየሁ። ሁለት መካከለኛ ሰሃን ድፍን ድምፅ ሰጡ። እኔ እኮ አራት ዓመት ሳጥባቸው አላወቅኩም። ለይቼ አስቀመጥኳቸው።

ክዳን ያለውን ጎድጓዳ በ45፣ የስጎውን በ30 ኢቤይ ላይ ሸጥኩ። ሁለቱም በሰላም ደረሱ። ሁሉም ወጪ ተነስቶ 52 ዶላር ገባልኝ። ቤቲዬ፣ ካርቶኑን ሦስት ጊዜ ነው የፈታሁት።

የ8 ሰው ሙሉ ዕቃ ከትንሹ ሞላላ ሰሃን ጋር አካባቢዬ በ180 አወጣሁ። ማስታወቂያው ላይ በነጭ ጨርቅ ላይ ዘርግቼ የተነሳ ፎቶ፣ የማህተሙ ፎቶ፣ ጠርዙ ትንሽ የለቀቀበትም ፎቶ አደረግኩ። «በእጅ ብቻ የታጠበ፣ አንድ ቤተሰብ ብቻ የተጠቀመበት» ብዬ ጻፍኩ። አስራ አንድ ሰው ጻፈልኝ። ሰባቱ «የመጨረሻው ስንት ነው?» ብቻ ብለው ጠፉ። አንዱ ቼክ ልላክ አለኝ፣ ዘጋሁት።

ቅዳሜ ከሮክቪል ሁለት ወጣቶች መጡ፤ በመስከረም ሊጋቡ ነው። ልጅቷ ዕድሜው የድሮ ስለሆነ ለበዓል ብቻ ነው የምጠቀምበት አለች፤ ስለ ሊዱም ነግሬአታለሁ። ሰሃኑን አንስቼ መስኮቱ ላይ እጄን አሳየኋት። ዝም ብላ ተቀበለችኝና የራሷን እጅ አደረገች። ጣቶቿ ታዩ። እጮኛዋን ጠርታ እሱም አደረገ። 150 ከፈሉኝ። 180ውን ትንሽ ብጸና ይሰጡኝ ነበር፣ ግን ደስ ብሎኝ ነው የሰጠኋቸው። ሴትዮዋም ቢኖሩ እንደዚያ የሚይዘው ሰው ቤት ይግባ ይሉ ነበር።

ባጠቃላይ 202 ዶላር። ያ ሰውዬ 80 ነበር ያለኝ። የቀሩት አራት ሲኒዎች፣ የተረፉት ሰሃኖች፣ የስኳሩና የወተቱ ዕቃ እኔ ጋ ናቸው። ትልቁ ሞላላ ሰሃንም አለ። ጋሼ፣ እሱን ስንት ልበል? በፖስታ ልላከው?

የድሮ_ዕቃ_አትላንታ

ስንት ኢንች ነው?

ማሂ_ሲልቨርስፕሪንግ

16 ኢንች።

የድሮ_ዕቃ_አትላንታ

አትላኪው። ትልቅና ዝርግ ነገር መንገድ ላይ ነው የሚሰበረው፤ ካርቶኑና መላኪያውም ከዋጋው ይበልጣል። ለነዚያ ልጆች ጻፊላቸው። 8 ሰው ጋብዘው ዶሮውን በምን ያቀርባሉ? 25 በያቸው።

ማሂ_ሲልቨርስፕሪንግ

እሺ ጋሼ፣ አሁን ጻፍኩላት። ሐሙስ ከሥራ ስትወጣ መጥታ ትወስደዋለች።